እማዬ በሩ ላይ ያልቆመችበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ አለቃዬ ቢሮዬ ድረስ መጣ። አለቃ ራሱ ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው ክፍል ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «አንቺ እኮ ነገር አታበዢም፤ ለዚህ ነው የምወድሽ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ደህና ነገር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አልመጣምም። ሕንፃችን ለአምስት ሳምንት ሊታደስ ነው፣ ሥራ ይዘጋል፣ እኔ ደግሞ ማስታወቂያ መጻፍ አለብኝ። «ሠራተኞች በእድሳቱ ጊዜ የዓመት ፈቃዳቸውን እንደወሰዱ ይቆጠራል በይ። በቃ፣ ሁለት መስመር ናት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፈቃድ ስመዘግብ፣ ስሰርዝ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ሳሸጋግር የኖርኩ ሰው ሁለት መስመር አታቅተኝም። «እሺ፣ አየዋለሁ» አልኩት። «አየዋለሁ» የምትለዋ ቃል «አይሆንም» ለማለት ወኔ ያጣ ሰው መሸሸጊያ ናት። እሱ ከወጣ በኋላ ባዶውን ገጽ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያንን ማስታወቂያ አውቀዋለኋ! በስምንት ዓመቴ፣ ስልሳ ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ስጨርስም አጨብጭቤአለሁ።

እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ብርድ ልብሱ ተሸምኖ፣ ታጥቦ፣ ተበጥሮ ሲያልቅ ዙሪያውን በጥብጣብ እየሰፋች ትዘጋዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ጠርዙን መሄድ። ወደ ቤት ስትመለስ ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ፣ አንዳንዴ ጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር የሱፍ ብናኝ አለ። ሳቅፋት አስነጥሳለሁ፤ እሷም «ይማርሽ፣ እናትሽን ጠላሽ እንዴ?» ትለኛለች። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ሄደ፣ እንደሄደም ቀረ። ስለሱ ይህ ይበቃል።

የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከበሩ ጀርባ አንድ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ የእማዬ የሥራ ጋዋን ይሰቀላል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ኪሱ ላይ በነጭ ክር ሁለት መቶ አሥራ አራት ተብሎ የተሰፋበት፣ ቁልፎቹ ትልልቅና ባለ አራት ቀዳዳ። እሁድ ሚስማሩ ላይ ጋዋን ካለ እማዬ ቤት አለች፤ በሌላው ቀን ሚስማሩ ባዶ ከሆነ እማዬ የለችም። ለኔ ከሰዓት ይልቅ ቀኑን የሚነግረኝ ይህ ሚስማር ነበር።

ጎረቤታችን ከእማዬ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትሠራው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቂታዋ ይላታል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ እንዳትስቅ ክንዷን የሚይዝ ሰው ካጠገቧ ያስቀምጡላት ነበር። አንድ እሁድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እማዬ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«አሥራ ስምንት ቀን አለኝ። የዘንድሮም የአምናም፤ አንዲቷን አልነካሁም። ለእማማ ነው ያስቀመጥኳት።»

«አንቺስ መቼ ነው የምታርፊው?»

«ስሞት!» አለች እማዬ፤ ሳቂታዋ በሳቅ ፈረሰች።

በማግስቱ እማዬ ዕቃ የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቼ አሥራ ስምንቱን ቀን ፈለግሁት። ክር፣ መርፌ፣ የኔ የወተት ጥርስና የተጣጠፈ የሐኪም ወረቀት አገኘሁ። ቀኖቹ የሉም። ደህና ቦታ ደብቃቸዋለች ብዬ ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ፣ የእማዬ እናት፣ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ዓይኗ ውስጥ ግፊት አለ፣ በቶሎ ካልተቀደደ ጨርሶ ይጠፋል፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም ብሏል። ቀጠሮም ሰጥቷል። ግን ሆስፒታሉ አስታማሚ የሌለው ሰው አያስተኛም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለሁለት ሳምንት በየአራት ሰዓቱ ጠብታ የሚያደርግላት፣ ጎንበስ እንዳትል የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋል። እማዬ ደግሞ ለአያቴ አንድ ልጇ ናት። አሥራ ስምንቱ ቀን የአያቴ ዓይን ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። እማዬ ትታኝ ልትሄድ ነው! ሁለት ሳምንት! እኔ ሳቂታዋ ቤት፣ እግራቸው ከሚሸት ሦስት ወንዶች ልጆቿ ጋር ልተኛ ነው! ስምንት ዓመት ሲሆንሽ ሁለት ሳምንት ማለት እንደ ዕድሜ ልክ እስራት ነው። ያቺ ቀጠሮ ብትቀር ብዬ በልቤ ተመኘሁ። ከማንም ጋር አልተማከርኩም።

ቀጠሮው ሁለት ወር ሲቀረው እንፋሎት የሚያመነጨው የፋብሪካው ቦይለር ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ያለ እንፋሎት ሱፍ አይታጠብም፣ ክር አይነከርም፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቶ ስለነበር በዚያ ጠዋት እማዬ ይዛኝ ሄዳ ነበር። በሩ ተቆልፏል፤ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው ተኮልኩሏል። ማንበብ የቻልኩት በዚያው ዓመት ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ ሳላነብ የማላልፍበት ጊዜ ነበር። በሰው እግር መሀል ሾልኬ ወረቀቱ ስር ደረስኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ ፋብሪካው ለጥገና ለጊዜው ስለተዘጋ ሠራተኞች በዚህ ጊዜ የዓመት ፈቃዳቸውን እንደወሰዱ ይቆጠራል።

ዞር ብዬ እማዬን አየኋት። «እማዬ! ፈቃድ ላይ ነሽ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ማንም አላጨበጨበም። ሳቂታዋ እንኳ ጥርሷ አልታየም።

ያኔ ነው ጋሽ አንቀጽ የተነሡት። የማሽን መካኒክና የሠራተኛው ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ይህን ስም ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ለነገሩ ሁሉ «በአንቀጽ ይህ፣ በንዑስ አንቀጽ ይህ» ስለሚሉ። ሚስታቸው ሽንኩርት ግዛ ሲሏቸው በየትኛው አንቀጽ ይላሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ሽፋኑ የተገነጠለ የሕግ መጽሐፍ ከኋላ ኪሳቸው አይለይም፤ ከመቀመጫቸው ጋር ተስማምቶ ጎብጧል። የክር ሳጥን ላይ ወጡ።

«ጎበዝ! ፈቃድ ማለት ሠራተኛው ጠይቆ፣ ለጉዳዩ ሲፈልገው የሚወጣው ነው። ቦይለሩን እኛ ሰነጠቅነው? አልሰነጠቅነውም። እኛ ለሥራ ዝግጁ ነን። ዝግጁ መሆናችንን ደግሞ በአካል እናሳያቸዋለን። ከነገ ጀምሮ ሁላችሁም በሥራ ሰዓት እዚህ በር ላይ ናችሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት። እኔ ስም እጠራለሁ፤ ዘበኛው ይፈርማል። በር ላይ ያለ ሰው ፈቃድ ላይ ነው ማንም አይለውም።»

«ዝናብ ቢዘንብስ?» አለ አንዱ።

«ትረጥባላችኋ! ደግሞ በጋዋን። ያለ ጋዋን የመጣ እንደ መንገደኛ ነው የምቆጥረው፤ ስሙ አይሞላም። ኋላ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሠራተኛ ነኝ እንዲል አንፈቅድም።»

ሰዉ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። እማዬም አለች። ደስ ብሏት እጄን ስትጨብጠኝ ትዝ ይለኛል፤ ጣቶቼ አሙኝ።

እንግዲህ በስምንት ዓመቴ ያየሁት ይህን ነው። እናቴ ፈቃድ ላይ ነች፤ ወረቀቱ ራሱ ይላል፣ በገዛ አፌ አንብቤዋለሁ። ፋብሪካው ዝግ ነው። ታዲያ በየማለዳው ተነሥታ ጋዋኗን ለብሳ የምትሄደው ወዴት ነው? አንድ ሁለት ቀን ተከትያት ሄጃለሁ። ስልሳ ሰማያዊ ጋዋን በግንቡ ጥግ ተደርድሮ ፀሐይ ይመታዋል። ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ያዛጋሉ። ጋሽ አንቀጽ ደብተር ይዘው «ሁለት መቶ አሥራ አራት!» ይላሉ፤ እማዬ «አለሁ!» ትላለች። ከዚያ እንደገና ይቀመጣሉ። ትልልቅ ሰዎች ዝግ በር ሥር ተቀምጠው ሲውሉ ያየሁት ያኔ ነው። ከኔ ጋር ከመዋል ይህን መረጠች ብዬ ደመደምኩ። እንደዚያ ቀን የተቀየምኩት ሰው የለም።

በስምንተኛው ቀን ግድም ጥያቄ አነሣሁ። «እማዬ፣ ዛሬ ብትቀሪስ?»

«አይቻልም።»

«ፈቃድ ላይ ነሽ አይደል?»

«እንዳትይ!» አለችኝ ጣቷን ቀስራ። «ይህንን ቃል በሰው ፊት እንዳትደግሚው!» አንድም ጊዜ እንዲያ ጮኻብኝ አታውቅም። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ትታኝ ሄደች።

ከስድስት ሰዓት በኋላም ቢሆን የኔ አልነበረችም። ደመወዝ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ የሰው ልብስ ታጥብ ጀመር። ግቢው በሙሉ የማናውቃቸው ሰዎች አንሶላ ይሆናል። በአሥረኛው ቀን ራት ላይ ቁራሽ ዳቦዋን እንደያዘች እንቅልፍ ጣላት። አዘንኩላት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። የተሰማኝ ንዴት ነው። ድንገት ብንን ብላ የተሰጣውን ልትሰበስብ ስትወጣ ጋዋኑን ከሚስማሩ አወረድኩ፤ አጣጥፌ የኔ ትራስ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው፤ ትራሳችን ግን ለየብቻ ነው። ተኛሁበት። ጎርበጥባጣ ነበር፤ ቻልኩት።

ጠዋት እማዬ ተጣጥባ ወደ በሩ ዞረች። ሚስማሩ ባዶ ነው።

«ጋዋኔስ?»

አልጋ ሥር አየች። የሰው ልብስ ክምሩን ገለባበጠች። ገመዱ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ብላ ወጥታ ተመለሰች። «ጋዋኔን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

ከውጭ ሳቂታዋ «ኧረ ነይ እንጂ! በኋላ ጋሽ አንቀጽ አንቀጽ ይጠቅሱብናል!» ብላ ተጣራች። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ልትነሣ እጇን ተደገፈች፤ የተደገፈችው የኔን ትራስ ነው። እጇ እዚያው ቆየ። የት እንዳስቀመጠችው እያስታወሰች ነው ብዬ አሰብኩ። አየችኝ፣ በሩን አየች፣ እንደገና እኔን አየችኝ።

«ሂጂ፣ እደርሳለሁ!» አለቻት ሳቂታዋን። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። «ትንሽ ጋደም ልበል» አለችና የኔ ትራስ ላይ ተኛች።

አወቀችብኝ ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ወዲያው እንቅልፍ ሲወስዳት ግን አላወቀችም አልኩ። እናቴን በቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ዝንብ አባረርኩላት፤ እስክትነሣ ድረስ ፀሐይዋ ከበሩ ሥር እስከ አልጋው እግር ድረስ ሄዳለች። ስትነሣ ግራ ጉንጯ ላይ ክብ ምልክት አለ። ክብ፣ መሀሉ ላይ አራት ነጥብ። ምን ይዋጠኝ! መስተዋት ሳታይ ብዬ እጄን ውሃ ነክሬ «እማዬ፣ ቆሻሻ ነክቶሻል» አልኩና ጉንጯን አሸሁት። ዝም ብላ ታሸችልኝ። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠችኝ።

የዚያን ቀን ያደረግነውን አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ። ድንች ቀቅለን በጨው በላን። ፀጉሬን አጠበችኝ፤ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ አልገባም። ደጃፍ ላይ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣኝ ስታበጥረኝ፣ አያቴ በልጅነቷ ዶሮ ገዝታ ስትመጣ ዶሮዋ አምልጣ አውቶቡስ እንደተሳፈረችባት አጫወተችኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። የማንም አንሶላ አልታጠበም።

ወደ ሰባት ሰዓት ሳቂታዋ ፊቷ ቀልቶ ከች አለች። «ምነው ቀረሽ አንቺ? ቁጥርሽ ሦስቴ ተጠራ እኮ!»

«ጋዋኔ ጠፋብኝ።»

«ታዲያ ብትነግሪኝ የእህቴን አልፈልግልሽም ነበር?»

እማዬ ማበጠሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳበችው። ሳቂታዋም «አይ፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል!» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ እማዬ ፊቷን ስትታጠብ፣ ጋዋኑን ሚስማሩ ላይ መለስኩት። አየችው። «ተገኘ» ብቻ አለች፤ ለብሳው ሄደች። እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ራሴን ሳደንቅ ዋልኩ።

ፋብሪካው በሃያኛው የሥራ ቀን ተከፈተ። ያን ዕለት እዚያው ነበርኩ። የአስተዳደር ኃላፊው ዣንጥላውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ፤ ዝናብም ፀሐይም አልነበረም። ጋሽ አንቀጽ ሥራና ሠራተኛ ቢሮ ድረስ ተመላልሰው ያመጡት ስምምነት ነው ብሎ አነበበ። በማኅበሩ መዝገብ መሠረት አንድም ቀን ሳያቋርጡ የተገኙ ሁሉ የተዘጋው ጊዜ የሥራ ቀን ሆኖ ይያዝላቸዋል። እልልታ ሆነ! ጋሽ አንቀጽን ከመሬት አነሧቸው። ኃላፊው ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀና ቀጠለ፤ ያቋረጡት ግን ከመጀመሪያውም ፈቃድ ላይ እንደነበሩ ይቆጠራል። ዘጠኝ ሰዎችን በየቁጥራቸው ጠራ። ሰባተኛው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበር።

ጋሽ አንቀጽ ከሰው ትከሻ ላይ ወረዱ። «ጌታዬ፣ እንዲህ አልተባባልንም! ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ነው የቀረችው! ጋዋን ጠፍቶባት ነው! አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ቆማለች!»

«መዝገቡ የእናንተ ነው» አለ ኃላፊው። «እኔ አንዲት መስመር አልጻፍኩበትም።»

የተዘጋው አሥራ ዘጠኝ የሥራ ቀን ነው፤ እማዬ ያላት የፈቃድ ቀን አሥራ ስምንት። የጎደለችዋን አንድ ቀን ከሚመጣው ዓመት ላይ አስቀድመው ወሰዱባት።

ዛሬ ያንን ሕግ እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የምበላው በሱ ነው። ለሥራ ዝግጁ የሆነ ሠራተኛ ቀጣሪው ራሱ በዘጋው ጊዜ ፈቃዱ አይነካበትም፤ ለዚህ ደግሞ ግንብ ሥር ተሰልፎ ፀሐይ መጠጣት አያስፈልገውም ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኃላፊው ማን ቆመ ማን ቀረ ብሎ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ጋሽ አንቀጽ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደክመውልናል። እኔም ይህን ያወቅሁት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ሆኖብኝ ነው።

እሁድ ጋሽ አንቀጽ ቤታችን መጡ። እማዬ ይግቡ ብትላቸው አልገባም አሉ፤ ኮፍያቸውን እያሻሹ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ሞልቼልሽ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር» አሏት። «እጄ ላይ ነበር እኮ። ለአንዷ ብዋሽ የስልሳው ይፈርሳል ብዬ ነው።»

«ደግ አደረጉ። እርስዎ ምን አጠፉ? የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ጋዋኑስ የት ተገኘ?»

«እዚያው ሚስማሩ ላይ» አለች እማዬ።

እኔ አልጋው ሥር ነበርኩ። ሊገርፉኝ የመጡ መስሎኝ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቀች፤ ትእዛዝ ተከማችቷል፣ አንድ እጅ እንኳ አናጎድልም አሏት። አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ይባረራል። የአያቴ ጎረቤቶች ተጠየቁ፤ ማን ቤቱንና ልጆቹን ጥሎ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ይተኛል? አንድ ከሰዓት እማዬ ሱቅ ሄዳ ለአያቴ ጎረቤት ስልክ ደወለች። ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ ቆሜአለሁ። «ቀጠሮውን አልደርስበትም በይልኝ» ስትል ሰማሁ። «የለም፣ የለም፣ ደህና ነኝ። አልደርስበትም በይልኝ ብቻ።» ተነጋግራ ከጨረሰች በኋላም ስልኩን ከእጇ አላወጣችውም፤ ባለሱቁ ነው የወሰደላት።

አትሄድም ማለት ነው! ሮጬ ለሳቂታዋ ልጆች «እናንተ ጋ አልመጣም! እማዬ ቀርታለች!» አልኳቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ይህንን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

አያቴ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እኛ ቤት መጣች፤ በሰው እጅ ተመርታ፣ በትር ይዛ። ቀን ከሌሊት አይለይላትም ነበር። ከአውቶቡስ እንደወረደች «እስቲ ፊትሽን አምጪ» አለችኝና በሻካራ ጣቶቿ ከግንባሬ እስከ አገጬ ሄደችበት። «አይ ምስኪን! አፍንጫው የኔ ነው። በዚህ አፍንጫ ማን ያገባሻል?» ስድስት ዓመት አብራን ኖረች። ውጭ ስንወጣ የምትይዘው የኔን እጅ ነው። ድንጋይ ሲመጣ «ድንጋይ» እላለሁ፤ ጉድጓድ ሲመጣ «ጉድጓድ»። አንድም ቀን ማንንም አልወቀሰችም። በየልደቴ ግን ፊቴን ትዳብስና «አድገሻል መሰለኝ» ትላለች። ፊቴን ሳታየው ሞተች።

ነገሩ የገባኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በቀብሯ ማግስት ነው። ሳቂታዋ ለአንዲት እንግዳ «ያቺ አንዲት ቀን ባትኖር ኖሮ እኚህ ሴትዮ ዓይናቸው ይተርፍ ነበር፤ ጋዋን ጠፍቶባት እኮ ነው» ስትል ሰማኋት። የያዝኩት ሰሐን ከእጄ ወደቀ። ሁሉም በሐዘን ነው ብለው አባበሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልተነፈስኩም። ሰዎች ለምን ይህን ሥራ መረጥሽ ሲሉኝ ወረቀት እወዳለሁ እላለሁ። ወረቀት እጠላለሁ። ግን በኔ እጅ ያለፈ የአንድም ሰው ፈቃድ ያለ አግባብ አልጠፋም፤ ይህችን ብቻ ነው በሕይወቴ ደፍሬ የምናገራት።

ትናንት እሁድ እማዬ ጋ ሄድኩ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ከመስፊያው ብዛት ጎብጠው ቀርተዋል፤ ትራሷን እንኳ ራሷ አታስተካክልም። የአለቃዬን ነገር ነገርኳት።

«ልትጽፊው ነው?»

«አልጽፈውም።»

«ሌላ ሰው ያስጽፋላ።»

«ያስጽፍ። ሕጉን አባሪ አድርጌ ለሁሉም እበትነዋለሁ።»

«ያስወጣሻል።»

«ያስወጣኝ። ደክሞኛል እማዬ።»

«እሱስ ደክሞሻል» አለች። «ብቻ ደብተር እንዳይዙ ንገሪያቸው» አለችኝ።

እሷ ደብተር ስትል እኔም አልቻልኩም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዝኩትን ነገር ባንድ ጊዜ ዘረገፍኩት። «ጋዋንሽን የደበቅኩት እኔ ነኝ። የአያቴን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትራስ ልብሴ ውስጥ ነበር።» እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ሳግ ያዘኝ፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። «የት እንደነበረ አውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምን?»

«ልነሣ ስደገፍ ቁልፉ ተሰማኝ። አውጥቼ ለብሼ መሄድ እችል ነበር፤ ገና አልረፈደም፤ ጎረቤቴም ደጅ ቆማ ነበር።» ጉንጯን በጎበጠው ጣቷ ነካ አደረገች፤ በግራ በኩል። «አሥር ቀን ቆሜአለሁ፣ አሥር ቀን የሰው አንሶላ አጥቤአለሁ። አንዲት ቀን ምን ታመጣለች አልኩ። አንቺም እዚያ ጥግ ላይ ቆመሽ እንደዚያ ታዪኛለሽ። ደክሞኝ ነበር ልጄ። ሌላ ምንም የለውም፤ ደክሞኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እናቴን ለእንቅልፍ ሸጥኳት ብዬ? አንቺ አታውቂውም ብዬ እኔ ብቻዬን ያዝኩት።» ዓይኗ ሞላ፤ ግን ፈገግ አለች። «አንቺ ደግሞ ጉንጬን በውሃ ስታሺኝ! ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት የማስታውሳት እረፍት ያቺ ብቻ ናት።»

ተቃቅፈን ቆየን። አላስነጠስኩም፤ የሱፍ ብናኙ ከለቀቃት ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሁለታችንም አንዲቷን ቀን ለየብቻ ተሸክመን፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን መኖራችንን ሳስበው ሌላ ልቅሶ መጣብኝ። ተውኩት፤ እሷ አዛግታለች።

«ትንሽ ጋደም ልበል» አለችኝ።

ጫማዋን አወለቅኩላት። ትራሷን አነሣሁና በሁለት እጄ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ ዳበስኩት። ምንም የለበትም። ከራሷ ሥር አደረግኩላት፤ እስክትነሣም አጠገቧ ተቀመጥኩ።